የእህቴ ዲግሪና የወተት ጣሳው

የእህቴ ዲግሪ ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ የወረደው እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእናቴ የስፌት መኪና በላይ ተሰቅሎ ስለኖረ፣ ሲወርድ ከቀሪው ግድግዳ የነጣ አራት ማዕዘን ትቶ ሄደ። በማግስቱ እናቴ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለችበት። የቀን መቁጠሪያው ግን ጠበብ ይል ስለነበር ነጩ በግራም በቀኝም ይታያል፤ ካለፈው ዓመት የተረፈ ልብስ እንዳጠረበት ልጅ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሊለካ የመጣ ሰው ሁሉ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሲቆም ዓይኑ የሚያርፈው ዲግሪው ላይ ነበር። ሆን ብላ ነው እዚያ የሰቀለችው። ወገቡን በሜትር እየዞረች፣ “የልጄ ነው” ትላለች። “ኬሚስትሪ ነው።” ሰውየው እጁን ሳያወርድ ራሱን በአድናቆት ይነቀንቃል። “ታዲያ የት ገባች?” ያለ እንደሆነ ግን እናቴ ስፒሎቿን ከንፈሯ መሃል ትደረድራለች። ስፒል የያዘ አፍ መልስ አይጠየቅም።

እህቴን እታለም ነው የምላት፤ ያኔም ዛሬም። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዟን ለብሳ፣ ካኪ ፖስታዋን በብብቷ ይዛ ትወጣለች፤ ቀትር ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ትመለሳለች።

“ምን አሉሽ?” ትላለች እናቴ።

“ልምድ የለሽም አሉኝ።”

ልምድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ግን የሄደችበት ቢሮ ሁሉ እሱኑ ስለሚጠይቃት፣ ምናልባት የሆነ ቦታ ጥላው ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አልጋዋ ሥር ገብቼ ፈልጌያለሁ። ያገኘሁት አንድ እግር ካልሲ ነው።

ቢሮዎቹ እምቢ ሲሉ ወደ ትንንሾቹ ወርክሾፖች ወረደች። እነሱ ደግሞ ፖስታዋን ገና ከፈት ስታደርገው፣ “የኔ እህት፣ አንቺማ ትበዢብናለሽ” ይሏታል። ከሁለት ያጣች ሆነች። በአንደኛው በር ያነሰች፣ በሌላኛው የበዛች፤ ከእናቴ በቀር ልኳን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ እንደ ልማዴ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር በብጥስጣሽ ጨርቅ ስጫወት፣ እታለም ገብታ ቆመች። ከጫማዋ በቀር የማየው አልነበረም።

“ተቀበሉኝ” አለች።

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። “የት?”

“ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው የቀለም ማምረቻ። ጣሳ ማጠብና ምልክት መለጠፍ ነው።”

“ዲግሪ ይዘሽ ጣሳ ልታጥቢ?”

“ዲግሪ አልያዝኩም። አሥረኛ ክፍል ነኝ ብያቸዋለሁ።”

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ካወቁብሽስ?” አለች።

“ካወቁብኝማ አለቀልኝ።”

እናቴ ስትጨነቅ ፔዳሉን ትረግጣለች። መኪናው ተነስቶ ጠረጴዛው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ እታለም ቀጥላ ያለችውን ዋጠብኝ። ዝም ሲል የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ብቻ ነው። “እንግዲያው ዛሬውኑ ይውረድ። ሠራተኞቹ ሱሪ የሚያሳጥሩት እኔ ጋ ነው። ማንም የማያየው ቦታ ደብቂው።”

መኪናው የዋጠውን አሁን አውቀዋለሁ። እታለም ያለችው ይህን ነበር፤ ሁሉም አለቃ የሚሉት ባለቤቱ ከዚያ በፊት ዲግሪ ያላቸው ሦስት ልጆች ቀጥሮ፣ ሦስቱም ሥራውን ከለመዱ በኋላ ሌላ አግኝተው ጥለውት ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ፣ “የተማረ ሰው እኔ ጋ ዝናብ ሊያባራለት ነው የሚጠለለው” እያለ ዲግሪ ያለው ሰው ደጁን እንዲረግጥ አይፈልግም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር ይዤ የወጣሁት “ካወቁብሽ”ን፣ “አለቀልኝ”ንና “ደብቂው”ን ነበር።

በዚያው ወር ደግሞ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የስዕል አስተማሪያችን ከክፍል ተጠርቶ ወጣና አልተመለሰም። ትልልቆቹ ልጆች፣ “ወረቀቱ ፎርጅድ ነው፤ ታስሯል” አሉ። ፎርጅድ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ “የውሸት ዲግሪ ነዋ፣ አንተ ደደብ” አሉኝ። ሁለትና ሁለት ደመርኩ። እህቴ የምትታሰር ሰው ነበረች።

ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። እናቴ እንደምታውቅ ሰምቻለሁ፤ እታለምን ብጠይቃት ታፍራለች። ብቻዬን ተሸከምኩት። ማታ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ እግሯን አይና፣ እስር ቤት ውስጥ ካልሲ ይሰጡ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ትምህርቴ ግማሽ ቀን ስለነበር ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ግቢው በበርሜልና በጣሳ የተሞላ ነው፤ መሬቱ ከዓመታት ፍሳሽ የተነሳ ድንጋዩ ሳይቀር አረንጓዴና ቀይ ሆኗል። ቀለሙን የሚቀምሙት አዛውንት ጋሽ አፍንጫ ይባላሉ። አራተኛ ክፍል ያቋረጡ፣ ሠላሳ ዓመት በርሜል ላይ ያጎነበሱ ሰው ናቸው። ቆርቆሮው ሳይከፈት በክዳኑ ጠርዝ ብቻ አሽትተው የውሃ ነው የዘይት፣ የዘንድሮ ነው የአምና፣ ይናገራሉ። እኔንም ስገባ ያሸቱኛል።

“ዛሬ ሩዝ ነው ይዘህ የመጣኸው።”

“አዎ ጋሼ።”

“እጅህን ግን አልታጠብክም።”

አንድ ቀን ስደርስ ጋሽ አፍንጫ በርሜሉ ላይ ተደፍተው በራሳቸው ቋንቋ ይራገማሉ። ቀለሙ እንደ ረጋ ወተት ጓጉሏል። እታለም የታጠበ ጣሳ እንደያዘች ቀረብ አለችና፣ “ጋሽዬ፣ ዱቄቱን መጨረሻ ላይ ከሚጨምሩት መጀመሪያ በትንሽ ውሃ ለብቻው ቢያሹትስ?” አለቻቸው። ቀና ብለው አዩዋት። ሌላ ባልዲ አምጥተው እንዳለችው አደረጉ። ቀለሙ እንደ ሐር ወረደ።

“ይሄን አሥረኛ ክፍል ነው ያስተማሩሽ?” አሏት።

“አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ” አለች እታለም፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ጋሽ አፍንጫ በአፍንጫቸው ሳቁ። በማግስቱ ከጣሳ አጠባ አንስተው አጠገባቸው አቆሟት። እኔ ግን ፈራሁ። ሰውየው የተደበቀ ነገር የሚያሸቱ ሰው ናቸው፤ የእህቴንም ሊደርሱበት ነው። ዲግሪው ከቤታችን መጥፋት ነበረበት።

ማቃጠል አስቤ ነበር፤ ግን ስሟ ተጽፎበታል፣ ስሟን በእሳት መንካት አልቻልኩም። መፍትሔውን የሰጠችኝ ራሷ እታለም ናት። ከሥራ በወተት ጣሳ ትርፍ ነጭ ቀለም አምጥታ የወጥ ቤታችንን ግድግዳ ቀብታ ነበር። መጀመሪያ አግድም፣ ሲደርቅ ደግሞ ከላይ ወደ ታች፣ ብሩሹን ሳታነሳ። “እድፉ የት ሄደ?” ስላት፣ “ከሥሩ ነው ያለው። ግን ማን ያየዋል?” ብላኝ ነበር።

ዲግሪው ከፍሬሙ ወጥቶ ከታችኛው መሳቢያ፣ ከገበር ጨርቆቹ ሥር መተኛቱን ካየሁ ሰንብቻለሁ። እናቴ ክር ልትገዛ የወጣች ቀን አወጣሁት። መስኮቱ ሥር ጋዜጣ አነጠፍኩ። ጣሳውን በእንጨት አማሰልኩ፤ ጋሽ አፍንጫ ሲያማስሉ እንዳየሁት ቀስ ብዬ፣ አረፋ እንዳይይዝ። ከዚያ አግድም። ሲደርቅ ከላይ ወደ ታች። ማህተሙ ሰማያዊ ስለሆነ አልጠፋም ብሎ ስላስቸገረ ሦስተኛ ደገምኩት። የእታለም ስም ላይ ስደርስ ብቻ እጄ ዘገየ። ዓይኗን በመዳፌ የምከድናት መሰለኝ።

ሲያልቅ ደህና ወፍራም ነጭ ወረቀት ሆነ። መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስገባሁት፣ ብሩሹን አጠብኩ፣ ምሳዬን በላሁ። ከዚያ ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልባንን አደርኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ነበር። ከዚያ አንድ ሐሙስ፣ ገና ምሳዋን ሳላደርስ፣ እታለም በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቀለም አለ። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

“እማዬ፣ ዲግሪውን!”

“ምን ሆንሽ?”

“ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ቀለም የሚያመርት ሁሉ በኬሚስትሪ የተመረቀ ባለሙያ ሊኖረው ይገባል፣ በርሜል በተቀመመ ቁጥር የሚፈርም። እስከ ነገ ማስረጃ ካልገባ ግቢው ይታሸጋል። አለቃ ራሱን ይዞ፣ ‘ከየት ላምጣ?’ ሲል፣ እኔ አለኝ አልኩት።”

“ምን አለሽ?”

“ሳቀ። ከዚያ፣ እስቲ አምጪው አለኝ። እማዬ፣ ካገኘው ፈራሚዋ እኔ ነኝ። በራሴ ስም!”

ወደ መሳቢያው ጎንበስ ብላ ገበሮቹን አገላበጠች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። እናቴ መቀሷን እንደያዘች ታያታለች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከእናቴ እጅ ሥር፣ ወፍራም ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል። በልብስ ሰፊ ጠመኔ የኮሌታ ቅርጽ ተሥሎበታል፤ አንደኛው ማዕዘን ተቆርጧል። ለሸሚዝ ናሙና የሚሆን ጠንካራ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ በማግኘቷ ጠዋት ስትደሰት ሰምቻታለሁ፣ ግን አፌ አልተከፈተም ነበር።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ።

“እንዳትታሰሪ ብዬ ነው። እንደ አስተማሪያችን። ፎርጅድ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ቀባሁት።”

እናቴ ተቀመጠች። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። እታለም ወረቀቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ፣ አሁንም ድረስ በጆሮዬ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

“በየትኛው ቀለም ነው?”

“ኧ?”

“የቀባኸው። በየትኛው? የበሩ ነው የግድግዳው?”

“የወተት ጣሳው።”

ትንፋሿን ለቀቀች። “የውሃው ነው” አለች ለራሷ። “የውሃው ነው። ና፣ ተከተለኝ።”

ግቢው ስንደርስ አለቃ በር ላይ ቆሟል። አጭር ሰው ነው፤ ሲናደድ ቁልፎቹን ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውራል። እታለም የሆነውን በሁለት ቃል ነገረችው። ነጩን ወረቀት አገላብጦ አየና፣ “ይሄ ነው ዲግሪሽ?” አላት። “ኮሌታ ያለበት?”

“ከሥሩ ነው ያለው።”

ጋሽ አፍንጫ ወረቀቱን ተቀብለው አሸተቱት። “እውነቷን ነው፣ የኛው የውሃ ነው። ቲነር አምጡ።”

“ጋሽዬ፣ ቲነሩ ይቅር” አለች እታለም። “ጽሑፉን አብሮ ይበላዋል። አልኮልና ጥጥ ነው የምፈልገው።”

እሳቸው እንደ ቆሙ አዩዋት። ከዚያ ለሌላ ሰው ሳያዙ ራሳቸው ሄደው አመጡላት።

መጀመሪያ ከእናቴ መቀስ በተረፈ ጠርዝ ላይ፣ ጽሑፍ በሌለበት፣ ጠብታ አድርጋ ጠበቀች። ቀለሙ ሲለሰልስ ጥጡን ሳትጭን አንከባለለችው። ጥጥ ጣለች፣ ሌላ ያዘች። ጋሽ አፍንጫ ስስ የእንጨት ቢላቸውን አውጥተው የለሰለሰውን ከኋላዋ እየተከተሉ ያነሳሉ፤ እሷ ስታለሰልስ እሳቸው ሲያነሱ፣ አንድ ሰው አራት እጅ ያለው ይመስላል። ሌሎቹ ሠራተኞች ጣሳቸውን ጥለው ከበቡን። መጀመሪያ የወጣው ከ“ኬሚስትሪ” ላይ “ስት” ብቻ ነው። ከዚያ የእታለም ስም። ስሟ ሲወጣ አለቃ ቁልፎቹን ኪሱ ከተተ።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“ብነግርዎ ይቀጥሩኝ ነበር?”

ጋሽ አፍንጫ ናቸው የመለሱለት። “እኔ አውቄ ነበር” አሉ። “እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? የሷ ዲግሪ ተቀባ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፤ የእኔ አፍንጫዬ ላይ ነው ያለው፣ ሠላሳ ዓመት በየቀኑ ይቀባል፣ ማንም አልደነገጠም።”

ግቢው በሙሉ ሳቀ። እታለምም ሳቀች፤ እጇ ግን አልቆመም። በመጨረሻ ከታች በቀኝ በኩል ደረሰች፣ እዚያ ዘገየች፣ ጥጡ ሰማያዊ ሆነ። ጥጡን መዳፏ ውስጥ ደበቀችውና ቀና ብላ፣ “በቃ” አለች። “አለቀ።” ለእኔ ለስላሳ ተገዛልኝ። ጠርሙሱን እየጠባሁ፣ እህቴ ከመታሰር ዳነች፣ ዲግሪውም እውነተኛ ነበር፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ እያልኩ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ አንድ ባለ ክራቫት ሰውዬ ወደ ግቢው መምጣት ጀመረ። እጁ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛ ጋ ከእታለም ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ እሷ ወረቀት ታቀርብለታለች፣ አንድ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል። ለእኔ እስክሪብቶ ይሰጠኛል። ሱሪውን እናቴ ጋ አሳጥሯል። እጮኛዋ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ወደድኩትም። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ድንገት ቀረ። “ደህና ሰው አባረርሽ” ብዬ እታለምን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። “አዎ፣ አልተስማማንም” አለችኝ እንጂ ሌላ አልጨመረችም።

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አልፌ አልሄድኩም። መስኮት የማይ ልጅ ነበርኩ፤ አስተማሪዎቼ የሚያወሩት እኔ ካለሁበት ሁልጊዜ አንድ ገጽ ቀድሞ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያንኑ ግቢ ደጅ ረገጥኩ። አለቃ፣ “ምን ወረቀት አለህ?” አለኝ። አፌን ሳልከፍት ጋሽ አፍንጫ ከበርሜሉ ኋላ፣ “የዚህን ልጅ ወረቀት አይተነዋል እኮ” አሉ። “ሦስት ዙር ቀብቶ አንድ የብሩሽ ጭረት አልተወበትም። በስምንት ዓመቱ!” ተሳቀና ተቀጠርኩ። ዛሬ እሳቸው የሉም፤ በርሜሉ ላይ የማጎነብሰው እኔ ነኝ። ማስታወቂያ ሳነብ ሁሉም “ዲግሪና ከዚያ በላይ” ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ምን እንደሆነ እያሰብኩ ጋዜጣውን ብሩሽ እጠቀልልበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እታለም፣ አሁን የግቢው የጥራት ኃላፊ ናት፣ የድሮውን ቁም ሳጥን ባዶ እንዳደርግ ነገረችኝ። የየበርሜሉ ቅጾች ናቸው። ከታች ሁለት መስመር አላቸው፤ “የቀመመው” እና “ያረጋገጠው”። በአንድ ጥቅል ውስጥ ያሉት ሁሉ ከላይ እስከ ታች በእህቴ እጅ የተጻፉ ናቸው። ልኬቱ፣ የተደረገው ፍተሻ፣ የተስተካከለው ስህተት። “የቀመመው” ላይ የጋሽ አፍንጫ የአውራ ጣት አሻራ የመሰለ ፊርማ። “ያረጋገጠው” ላይ ግን የማላውቀው ስምና ያማረ ፊርማ። ቀኖቹን አየሁ። ሁሉም ሐሙስ ነው።

ጥቅሉን ይዤ ቢሮዋ ገባሁ። “ይሄ ሰውዬ እጮኛሽ አልነበረም እንዴ?”

ወረቀቱን አየችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። “እጮኛ! በሩብ ሰዓት ጉብኝት?”

“ታዲያ?”

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። “ማህተሙ ጠፍቶ ነበር” አለች። “ፊርማውም። የማህተም ቀለም በአልኮል ይለቃል፤ ስጀምርም አውቄዋለሁ። ስሜ ቢወጣ ይበቃቸዋል ብዬ ነበር። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ይዤው ስሄድ፣ ይሄ ወረቀት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም አሉኝ። ምትክ ከኮሌጁ እስኪመጣ ዐሥራ አንድ ወር ፈጀ። ግቢው እንዳይታሸግ አለቃ ዲግሪ ያለው ሰው አመጣ። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይፈርማል።”

“ዐሥራ አንድ ወር።”

“እየተቆጠረ አይደለም የሄደው፣ ተወው።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርህ ምን ልታደርግ? ደግመህ ልትቀባው?” ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ አቆመች። “ለስላሳህን እየጠጣህ እንዴት ታየኝ እንደነበር አላየህም። ያዳንከኝ መስሎህ ነበር። ያንን እንዴት ብዬ ልውሰድብህ?”

አሮጌው ዲግሪ አሁን ከእናቴ የስፌት መኪና በላይ ነው፣ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል። ምትኩ ቢሮ ውስጥ አለ፤ እናቴ ግን የምትፈልገው የመጀመሪያውን ነው። አንዱ ማዕዘን ተቆርጧል፣ ከታች በቀኝ ማህተሙ የነበረበት ሰማያዊ ደመና ሆኗል፣ የእህቴ ስም ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ሊለካ የመጣ ሰው እጁን ዘርግቶ፣ “ይሄ ምን ሆኖ ነው?” ሲላት እናቴ ስፒሎቿን ከከንፈሯ ታወጣለች። ስፒል የምትይዘው የእኔን ዲግሪ ለሚጠይቋት ነው።

ያን ቀን ጥቅሉን ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ልወጣ ስል እታለም ጠራችኝ። የዕለቱን ቅጽ ወደ እኔ ገፋች። “ያረጋገጠው” ላይ ፈርማለች። ከሱ በላይ ያለው መስመር ባዶ ነበር።

“ፈርም እንጂ” አለች። “የቀመምከው አንተ አይደለህ?”